በአንድ አሮጌ አውቶሞቢል ስለ ታየ የቤተ ሰብ ምክር

ባልና ሚስት ሁለቱም እውነት ይዘው የሚጣሉበት ጊዜ አለ። አባወራው ከልጅነቱ ጀምሮ የተመኘውን አንድ ነገር ሊፈጽም ይወዳል፤ እመቤቲቱም የቤቱን ገንዘብና የባሏን ሕይወት ልትጠብቅ ትወዳለች፤ ከሁለቱም አንዱን በደለኛ ነው ሊሉት አይቻልም። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ነገር በላይ ሲመለከቱት የአውቶሞቢል ሽቅድምድም ወሬ ይመስላል፤ ዳሩ ግን ሥሩ የቤተ ሰብ ጉዳይ ስለ ሆነ በዚህ ገጽ ላይ ልንጽፈው ወደድን።

በእንግሊዝ አገር በነበርንበት ጊዜ አንድ ጡረታ የወጡ ሹም ከቤተ ሰባቸው ጋራ በእንግድነት ተቀብለውን ነበር። እኚህ ሰው ገና ተማሪ ሳሉ በመንገድ ሲያልፍ አይተው ልባቸው የቀረበትን የጃፓን አውቶሞቢል ዕድሜያቸው ስድሳ ካለፈ በኋላ ገዝተው፣ አድሰው፣ በኰረብታ ሽቅድምድም ሊነዱት ተነሥተው ነበር። ያየነውንና የሰማነውን ከመናገራችን አስቀድሞ ግን አውቶሞቢሉ ምን እንደ ሆነ በአጭሩ እንገልጻለን። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ጽፈናል።

ስሙ ዳትሰን 240ዜድ ይባላል። የሠራው የጃፓኑ የኒሳን ኩባንያ ሲሆን ለሕዝብ የታየው በ1969 ዓ.ም. ነው። በአገሩ ስሙ ፌርሌዲ ዜድ ነበር፤ ትርጓሜውም መልከ መልካም እመቤት ማለት ነው። በአሜሪካ የኩባንያው ሹም የነበሩት ዩታካ ካታያማ ግን ይህ ስም ለፈጣን አውቶሞቢል አይስማማም ብለው ምልክቱን አስነቅለው 240ዜድ የሚለውን አስለጠፉበት። እኚህም ሰው 105 ዓመት ኖረው በ2015 ዓ.ም. ዐርፈዋል። 240 የሚለው ቍጥር የሞተሩን መጠን የሚያመለክት ነው፤ ይኸውም 2393 ኩቢክ ሳንቲሜትር ሲሆን በአንድ መስመር የተደረደሩ 6 ሲሊንደሮች አሉት። ኩባንያው የጻፈለት ኃይል 151 የፈረስ ጉልበት ነው፤ ክብደቱም ከ1000 ኪሎ ብዙ አይበልጥም። በአሜሪካ መጀመሪያ የተሸጠበት ዋጋ 3526 ዶላር ስለ ነበረ፣ የአውሮፓን ፈጣን አውቶሞቢል ለመግዛት አቅም ያልነበረው ሰው ሁሉ ፊቱን ወደዚህ መለሰ።

የዚህ አውቶሞቢል ዝና ለአገራችን እሩቅ አይደለም። በጎረቤታችን በኬንያና በአጠገቧ ባሉት አገሮች በጭቃና በአቧራ ላይ ይደረግ በነበረው በምሥራቅ አፍሪካ የሳፋሪ ውድድር፣ በ1971 ዓ.ም. ኤድጋር ሄርማን ከሃንስ ሹለር ጋራ ሆኖ በዚሁ አውቶሞቢል ቀዳሚ ሆነ። በ1973 ዓ.ም. ደግሞ የምሥራቅ አፍሪካው ልጅ ሼካር መህታ አሸነፈበት። በ1972 ዓ.ም. ራውኖ አልቶኔንና ዣን ቶድ በሞንቴ ካርሎው ውድድር የአልፕስን ተራሮች ወጥተውና ወርደው ሦስተኛ የሆኑት በዚሁ ነው። በ1971 ዓ.ም. ሳፋሪን ያሸነፈውንም አውቶሞቢል የኩባንያው ሠራተኞች በ2013 ዓ.ም. አድሰው እንደ ገና በሞተሩ እንዲሄድ አድርገውታል።

ይህን ያህል የተመሰገነው አውቶሞቢል አንድ ክፉ ጠላት አለው፤ እርሱም ዝገት ነው። እንደ ጭነት መኪና ለብቻው የቆመ ቴላዮ የለውም፤ ላሜራው ራሱ አጥንቱ ነው። ስለዚህ ላሜራው በዛገ ጊዜ የሚጐዳው መልኩ ብቻ አይደለም፤ ሰውነቱ በሙሉ ይደክማል። ዝገቱም የሚጀምረው ዓይን በማያየው ቦታ ነው፤ ከባትሪው መቀመጫ ሥር፣ ከወለሉ ምንጣፍ በታች፣ ከመለዋወጫው ጎማ ጕድጓድ ውስጥ፣ ከኋላው በር ከንፈር ላይ ነው።

ሹሙ የገዙት አውቶሞቢል ቀይ ቀለም የተቀባ፣ ፊት የሚያሳይ መስተዋት የመሰለ ነበር። ሻጩም መልካም ቃል አብዝቶ ተናገረ። እርሳቸውም ደስታቸው ስላቻኰላቸው ገንዘቡን ከፍለው ወደ ቤታቸው አመጡት። በማግሥቱ ሴት ልጃቸው ምንጣፉን አንሥታ ወለሉን በካቻቢቴ ጫፍ ጫን ብታደርገው ካቻቢቴው ላሜራውን አልፎ መሬት ነካ። በቀለሙና በወፍራም ስቱኮ ተሸፍኖ የነበረው ሁሉ ያን ጊዜ ተገለጠ። በኖራ እንደ ተለሰነ መቃብር ውጭው ያበራል፤ ውስጡ ግን ፈርሷል።

እመቤቲቱ ነገሩን ባዩ ጊዜ ባልተቤታቸውን አልሰደቡም፤ ነገር ግን ይህ ገንዘብ ለእርጅናችን ያስቀመጥነው ነበር፤ አሁንም የወጣው ወጥቷልና ይሸጥ፣ የቀረው ይትረፍ አሉ። ሹሙም በበኩላቸው አርባ ዓመት በሥራ ስኖር ለራሴ የለመንኩት ነገር ይህ ብቻ ነው አሉ። ሁለት ሳምንት ያህል በአንድ ማዕድ እየበሉ ሳይነጋገሩ ቆዩ። በአገራችን ባልና ሚስት ሲጣሉ ሽማግሌ ይገባል፤ በዚያ ቤት ግን ሽማግሌ የሆነችው ልጂቱ ናት። እናትና አባቷን አስቀምጣ ሦስት ነገር ያለበት ስምምነት አጻፈቻቸው። አንደኛ፣ የሚወጣው ገንዘብ ሁሉ በመዝገብ ይጻፍ፤ በየዓመቱ ከተቈረጠው ልክ አይለፍ። ሁለተኛ፣ ሞተሩ ከመነካቱ በፊት የሰው ሕይወት የሚጠብቀው ሁሉ ይሠራ። ሦስተኛ፣ እያንዳንዱን ሥራ የሠራው ሰው ስሙን ይጻፍ፤ ሌላው ደግሞ መርምሮ ይፈርምበት የሚል ነው።

እኛም የፍርድ ቤት ጸሐፊ እንደ መሆናችን መጠን ያን መዝገብ ባየን ጊዜ እጅግ ደስ አለን። በመጀመሪያው ገጽ በሞተሩ ቤት ግድግዳ ላይ የተቀረጸው ቍጥር ከወረቀቱ ጋራ አንድ መሆኑ ተጽፏል። አሮጌ አውቶሞቢል የሚገዛ ሰው ሁሉ ከቀለሙ አስቀድሞ ሊያየው የሚገባው ይህን ነው፤ ቍጥሩ የተለያየ እንደ ሆነ ነገሩ በዳኛ ፊት ሊያደርስ ይችላልና።

ሥራው ሦስት ክረምት ፈጀ። ቀለሙን እስከ ብረቱ ፋቁት፤ የዛገውን ላሜራ ቈርጠው ጥለው አዲሱን በየዱበት። ስቱኮ ጕድለትን ይሸፍናል እንጂ ጕልበት አይሰጥም ብለው በዝገት ላይ ምንም አልለሰኑም። ከዚያ በውስጡ ከብረት ቧንቧ የተሠራ ቀፎ አቆሙ፤ አውቶሞቢሉ ቢገለበጥ የነጂውን ራስ የሚያድነው እርሱ ነው። የወገብና የትከሻ መታጠቂያ፣ የእሳት ማጥፊያም ተጨመረ። ቀጥሎ ፍሬኑ መጣ። በፊተኞቹ ጎማዎች ዲስክ፣ በኋለኞቹ ታንቡር አለበት። የፍሬን ዘይት ዘመን ሲቈይ ከአየሩ ርጥበት ይስባል፤ በውስጡ ያሉትም ጎሚኒዎች ይደርቃሉ። ስለዚህ ቱቦውን፣ ሸራውን፣ ጎሚኒውን አንድ በአንድ መለወጥ ያስፈልጋል።

ሞተሩ የተሠራው በመጨረሻ ነው። ሁለት ካርቡራቶር ስላለው ሁለቱ እኩል ካልተነፈሱ ሞተሩ ይንገዳገዳል። ልጂቱ የጎማ ቱቦ አንዱን ጫፍ በጆሮዋ ይዛ ሌላውን በየካርቡራቶሩ አፍ ላይ እያስጠጋች፣ የነፋሱን ፉጨት እያዳመጠች ታስተካክል ነበር፤ እንደ ሐኪም መሆኗ ነው። በዚህም ነገር እንደ አዲስ አበባ ከፍ ባለ አገር የሚኖር ሰው አንድ ነገር ያስተውል፤ አየሩ ስለሚሳሳ በቆላ የተስተካከለ ካርቡራቶር በደጋ ቤንዚኑ ይበዛበታል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል። ራሱ 4302 ሜትር ከፍታ ባለው በአሜሪካው የፓይክስ ፒክ ተራራ ከ1916 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሽቀዳደሙት ሰዎች ትልቁ ጭንቀታቸው ይኸው ነው።

ሹሙ የመረጡት ኰረብታ በዉስተርሺር ያለው ሼልስሊ ዎልሽ ነው። በዚያ ከ1905 ዓ.ም. ጀምሮ ይሽቀዳደሙበታል። መንገዱ 1000 ያርድ፣ ማለት 914 ሜትር ብቻ ነው፤ ከመነሻው እስከ መድረሻው 100 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። አውቶሞቢሎቹ ጎን ለጎን አይሮጡም፤ እያንዳንዱ በተራው ብቻውን ይነሣል። ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ከኋላው ጎማ ሥር ድጋፍ ይደረግለታል። አረንጓዴው መብራት ከበራ በኋላ ነጂው ሲዘጋጅ ይነሣል፤ በፊቱ የተተከለው ጠባብ ሰሌዳ የብርሃኑን ጨረር በቈረጠ ጊዜ ሰዓቱ መቊጠር ይጀምራል። ለዚሁ ብቻ የተሠሩት እጅግ ፈጣኖቹ ከ23 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይጨርሱታል። ጎማው ሳይሞቅ፣ ነጂው ስሕተቱን የሚያርምበት ሁለተኛ ዙር ሳያገኝ ነገሩ ያልቃል። ስለዚህ ሰው በዚያ ከባልንጀራው ይልቅ የሚሽቀዳደመው ከራሱ ከትናንቱ ጊዜ ጋራ ነው።

እኛ በተገኘንበት ቀን ዘመዶቻቸውና ወዳጆቻቸው ተሰብስበው ነበር። ሹሙ በልምምዱ አንድ ጊዜ ወጥተው ተመለሱ። ሁለተኛው ተራቸው ደርሶ ወደ መነሻው መስመር ሲጠጉ ፍሬኑን ቢረግጡት ከወትሮው ትንሽ ዝቅ አለባቸው። በኋላ እንደ ነገሩን በዚያች ሰዓት ሁለት ሐሳብ መጣባቸው። አንደኛው፣ መንገዱ ዳገት ነው፣ ግማሽ ደቂቃ ቢሆን ነው፣ ሕዝቡም እያየ ነው የሚል ነበር። ሁለተኛው የመዝገቡ ነገር ነበር። እጃቸውን አነሡና ለአስነሺው ምልክት ሰጥተው ከመስመሩ ወጡ፤ አውቶሞቢሉም በሰው እየተገፋ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ጎማውን አውልቀው ታንቡሩን ቢከፍቱ በግራው የኋላ ጎማ ያለው ትንሽ ጎሚኒ ተሰንጥቆ ዘይቱ ሸራውን አርሶት ተገኘ። ልጂቱ መዝገቡን ገለጠች። በዚያ መስመር ላይ የአባቷ ስም አለ፤ የመረማሪው ቦታ ግን ባዶ ነው። ሹሙም ሳይሸሽጉ፣ ጎሚኒው አዲስ ይመስል ስለ ነበረ አልለወጥኩትም፤ ሞተሩን ለመጀመርም ቸኵዬ ነበርና ማንንም አላስመረመርኩም ብለው በባልተቤታቸው ፊት ተናገሩ። እመቤቲቱም ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ ሻይ ቀድተው ሰጧቸው። በዚያን ቀን ከዋንጫው ሁሉ ይልቅ የከበረውን ነገር ያየን እኛ ነን እንላለን፤ አንድ ትልቅ ሰው በወዳጆቹ ፊት ኀፍረቱን ንቆ ወደ ኋላ መመለሱ፣ ስሕተቱንም በገዛ አፉ መመስከሩ ቀላል ነገር አይደለምና።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ወደዚያው ኰረብታ ተመለሱ። የአገሩ ሥርዐት በአንድ አውቶሞቢል ሁለት ሰው በየተራው እንዲነዳ ስለሚፈቅድ አባትና ልጅ ሁለቱም ተመዝግበው ነበር። ሹሙ መጀመሪያውን ተራ ለልጃቸው ለቀቁላት። የሞተሩ ድምፅ ከዛፎቹ መካከል እየራቀ ሲሄድ አባቷ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ጨብጠው ቆሙ፤ ያን ጊዜ እመቤቲቱ ፈገግ ብለው፣ ሦስት ዓመት ሙሉ የእኔ ሆድ እንዴት እንደ ነበረ አሁን ዐወቁት? አሏቸው። ልጂቱ በደኅና ወጣች፤ አባቷም ቀጥለው ወጡ፤ ጊዜያቸውም ከልጃቸው በአንድ ሰከንድ ያህል ዘገየ። ሁለቱንም ጊዜ በመዝገቡ የጻፉት እመቤቲቱ ናቸው፤ ከበታቹም ፈረሙ።

ይህን የጻፍነው አንባቢዎቻችን ሁሉ አሮጌ አውቶሞቢል ይግዙ ለማለት አይደለም። አንዱ ቤቱን ያድሳል፤ ሌላው የአባቱን ርስት ያቀናል፤ ሌላውም ፈረስ ይገራል። ነገሩ ምንም ቢሆን አባወራው የሚወደውን ሥራ ከቤተ ሰቡ ሸሽጎ ቢጀምር ጠብ ያተርፍበታል፤ ወጪውን በመዝገብ፣ ሥራውን በምስክር አድርጎ ቢጀምር ግን ሚስቱ ጠባቂው፣ ልጁም ባልንጀራው ይሆኑለታል። በቤታችንም የመረማሪው ቦታ ባዶ የቀረበት መስመር ይኖር እንደ ሆነ፣ ወደ ዳገቱ ከመውጣታችን በፊት መዝገባችንን ገልጠን እንመልከት።