«ዘ ዳ ቪንቺ ኮድ» የተባለው ፊልም ሊታይ የሚገባው ነውን?

አንድ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ፊርማና ማኅተም የሌለበት ደብዳቤ ከመዝገብ ውስጥ ቢያገኝ፥ በመዝገብ ውስጥ ስለ ተገኘ ብቻ እውነት ነው ብሎ አይቀበለውም። ዛሬ የምንነጋገርበትም ፊልም በዚሁ ዐይን ሊመረመር ይገባዋል።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ2003 ዓ.ም. አሜሪካዊው ዳን ብራውን ያሳተመውን ልብ ወለድ መሠረት በማድረግ፥ ሮን ሃዋርድ በ2006 ዓ.ም. ፊልሙን አዘጋጅቶ አወጣ። ታሪኩ የሚጀምረው በፓሪስ የሉቭር ቤተ መዘክር ኀላፊ በሌሊት ሲገደል ነው። ቶም ሀንክስ የሚጫወተው ምሁርም ሟቹ የተዋቸውን ምልክቶች እየተከተለ፥ ክርስቶስ ማርያም መግደላዊትን አግብቶ ዘር ተክቷል፥ ቤተ ክርስቲያንም ይህን ደብቃለች ከሚል ነገር ላይ ይደርሳል።

ይህን የተመለከተ ልጃችን «አባባ፥ እስከ ዛሬ የተማርነው ሁሉ ሐሰት ነውን?» ብሎ ቢጠይቀን ምን እንመልስለታለን? ቍጣ ጥያቄውን ያፍነዋል እንጂ አይመልሰውም። ስለዚህ ማስረጃውን እንመልከት።

ልብ ወለዱ ገና በመግቢያው፥ ምስጢሩን የሚጠብቀው «የጽዮን ማኅበር» በ1099 ዓ.ም. የተመሠረተ እውነተኛ ማኅበር ነው ይላል። ነገር ግን ይህን ማኅበር በ1956 ዓ.ም. ያቋቋመው ፒየር ፕላንታር የተባለ ፈረንሳዊ ነው። ከዚያም በ1960ዎቹ ዓመታት ማኅበሩን ጥንታዊ የሚያስመስሉ፥ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺንም ከአለቆቹ የሚቈጥሩ የሐሰት ወረቀቶች ተዘጋጅተው በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት እንዲቀመጡ ተደረገ። ሐሰቱም በመዝገብ ስለ ተቀመጠ እውነት መሰለ።

ደግሞም የክርስቶስ አምላክነት በ325 ዓ.ም. በኒቅያ ጉባኤ በድምፅ የተወሰነ ነው ይባላል። ጉባኤው ግን የተሰበሰበው ክርስቶስን ፍጡር ያለውን የአርዮስን ትምህርት ለመመርመር ነበር፤ አንፈርምም ብለው ከአርዮስ ጋር የተለዩትም ጳጳሳት ሁለት ብቻ ነበሩ። ቤተ ክርስቲያናችን ሠለስቱ ምዕት እያለች በቅዳሴዋ የምታስባቸው አባቶች የዚሁ ጉባኤ አባቶች ናቸው። ከዚያ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት፥ በ112 ዓ.ም. ገደማ፥ ኒቅያ የምትገኝበትን አውራጃ ይገዛ የነበረው ሮማዊው ፕሊኒ፥ ክርስቲያኖች ለክርስቶስ እንደ አምላክ እንደሚዘምሩ ለንጉሡ ጽፏል። ይህ የመንግሥት ሹም ክርስቲያን ስላልነበረ ምስክርነቱ የበለጠ ይታመናል።

እንግዲህ ፊልሙ ይታይ ወይስ አይታይ? ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል የሚፈጅ፥ ንግግርም የሚበዛበት ነው። ሆኖም የኢያን ማኬለን አጨዋወት ያማረ ነው፤ የፍለጋውም አካሄድ ልብን ይይዛል። ስለዚህ እንደ ተረት አንድ ጊዜ ቢታይ አይጎዳም፤ እንደ ታሪክ መጽሐፍ ግን አይታይ። ልጆች ካሏችሁም አብራችኋቸው ተመልከቱ፤ ከፊልሙም በኋላ ተቀምጣችሁ ተወያዩ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።