ከዓባይ ሙላት በላይ

የግንደወይን ልጅ ነኝ፤ ሥራዬ ፊዚክስ ማስተማር ነው። ቅስትን ሳስተምር የማነሣው ሰባራ ድልድይን ነው። ከሞጣ ወደ ዓባይ በረሃ ወርደን የምናገኘው፣ በአፄ ፋሲል ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1660 ገደማ፣ በድንጋይና በኖራ የተሠራ ድልድይ ነው።

ድንጋይ ሲጨመቅ ብርቱ፣ ሲጎተት ግን ደካማ ነው። ቅስት የጫኑበትን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ስለሚገፋው እያንዳንዱ ድንጋይ ጎረቤቱን ተጭኖ ይቆማል፤ የመጨረሻውን ግፊት የሚችለው የዳርቻው ዓለት ነው። መሀሉ ከተቆረጠ ግን የሚደጋገፍበት ያጣል። በጣሊያን ወረራ ጊዜ አርበኞች ጠላት እንዳይሻገር የመሀሉን ቅስት አፈረሱት። ከዚያ በኋላ ሰው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ በወዲያና በወዲህ የቆሙ ጎበዞች እየጎተቱት ክፍተቱን ይሻገር ነበር። በሽተኛም፣ ነጋዴም፣ ሙሽራም ሌላ መንገድ አልነበራቸውም።

ኬን ፍራንዝ የተባለ አሜሪካዊ ይህን የሚያሳይ ፎቶ በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት አይቶ በጎ አድራጎት ድርጅት አቋቋመ፤ እ.ኤ.አ. በ2002ም ክፍተቱ በብረት ተጋጠመ። እ.ኤ.አ. በ2005 ክረምት ሙላቱ ብረቱን ወሰደው። እ.ኤ.አ. በ2009 በሽቦ ገመድ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ።

ይህን ታሪክ ሳነሣ ልቤ የሚሄደው ወደ ከፍተኛ የብረት ቅስት ነው። ብረት ሲጎተትም ይችላል፤ ስለዚህ ከሥር ምሰሶ ወይም ርብራብ ሳያስፈልግ ቅስቱን ከሁለቱም ገደሎች እያስረዘሙ መሀል ላይ ማገናኘት ይቻላል። በዛምቤዚ ላይ የተሠራው የቪክቶሪያ ፏፏቴ ድልድይ እንዲህ ነው። ከውኃው 128 ሜትር ከፍ ይላል፤ ሁለቱ ግማሾች እስኪገናኙ በሽቦ ገመድ ወደ ኋላ ከዓለቱ ጋር ታስረው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1905 መጋቢት መጨረሻ ሊገጥሙት ሲሉ የቀኑ ሙቀት ብረቱን አስረዝሞት ጫፎቹ በ3 ሳንቲሜትር ያህል ተደራረቡ። ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ብረቱ ተኮማተረ፤ ንጋት ላይ በልኩ ገጠመ። ተማሪዎቼ የብረትን መስፋፋት ከዚህ በላይ በምን ይገባቸዋል?

አሜሪካ ውስጥ በኒው ሪቨር ሸለቆ ላይ እ.ኤ.አ. በ1977 የተከፈተው የብረት ቅስት ደግሞ ርዝመቱ 518 ሜትር፣ የመንገዱ ከፍታ 267 ሜትር ነው። መንገዱ ከገደል አፋፍ እስከ አፋፍ ስለሚዘረጋ መኪና ቁልቁለት አይወርድም፣ ሙላትም አይደርስበትም። የብረት ቅስት ግን የማይናድ ጽኑ ዓለት ይፈልጋል፤ ዝገትን ለመከላከል የማያቋርጥ ክትትልም አይለየውም፤ ወጪውም ቀላል አይደለም።

በዓባይ ላይ ድልድይ ለምታቅዱ መሐንዲሶች አንድ ልመና አለኝ፦ ሥዕሉን ከመንደፋችሁ በፊት በበረሃው ዳር የሚኖሩትን አባቶችና እረኞች፣ የነሐሴ ውኃ እስከ የት እንደወጣ፣ የትኛው ገደል እንደሚናድ ጠይቋቸው።