ባቡር ዳገት ሲከብደው፤ የሐረር ትምህርት ለደብረ ታቦር

የመንገደኞች አሳብና የደቡብ ጎንደር ደጋ ንግድ

የምድር ባቡር ጥቅም የሚለካው በሐዲዱ ርዝመት ወይም በባቡሩ ፍጥነት ብቻ አይደለም። መንገደኛው ከቤቱ ደጃፍ ተነሥቶ ካሰበበት ስፍራ እስኪደርስ፤ ሸቀጡም ከመጋዘን ወጥቶ ከገዢው እጅ እስኪገባ ድረስ በሚፈጀው ጊዜና ወጪ ነው። ይህን ከማንም ይልቅ የሚያውቀው በባቡሩ ተሳፍሮ የሚሄደው ሰው ስለ ሆነ፤ አገልግሎቱ ይሻሻል ሲባል አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው መንገደኛው ነው።

በደብረ ታቦር ከተማ የባቡር ፉጨት እስካሁን አልተሰማም። ሆኖም ነገሩ ለከተማው ነጋዴዎች ባዕድ አይደለም። በ2000 ዓ. ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን በነደፈው የአገር አቀፍ ዕቅድ ውስጥ፤ ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ በባሕር ዳርና በወረታ አልፎ ወደ ወልድያ የሚዘልቅ መስመር ተመልክቷል። ከወረታም በአዘዞ በኩል ወደ መተማ የሚወርድ መስመር ታስቧል። ከወረታ ወደ ወልድያ የሚሄድ ሐዲድ የደቡብ ጎንደርን ደጋ ሳይነካ ሊያልፍ አይችልም። ጥያቄው ግን ደጋውን የሚነካው በየት በኩል ነው? ጣቢያውስ ከገበያው ምን ያህል ይርቃል? የሚለው ነው።

ይህ ደጋ ለጭነት የከበደ አገር መሆኑ ከጥንት የታወቀ ነው። አፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን፤ ክብደቱ ወደ 70 ኩንታል የሚገመተውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በ1860 ዓ. ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ፤ መንገዱን በየገደሉ እያስጠረጉ መሄድ ግድ ሆነባቸውና ጉዞው ብዙ ወራት ፈጀ። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፤ ከ1967 ዓ. ም. ጀምሮ በቻይና መንግሥት ርዳታ ከወረታ እስከ ወልድያ 300 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆን የመኪና መንገድ ተሠራ። ሕዝቡም እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» ይለዋል። የፎገራ ሩዝና ሽንኩርት፤ የፋርጣና የጋይንት ድንችና ገብስ ወደ ምሥራቅ የሚወጣው፤ ከወሎ በኩል የሚመጣውም ሸቀጥ የሚገባው በዚሁ ነው። በ2013 ዓ. ም. መጨረሻ ጦርነቱ እስከ ጋይንት በዘለቀ ጊዜ፤ በአንድ መንገድ ላይ የተንጠለጠለ ገበያ እንዴት በቀላሉ እንደሚታነቅ ባለሱቁም ባላገሩም አይቷል።

ታዲያ ባቡር ይህን ችግር ያቃልላል ወይ? ያቃልላል፤ ነገር ግን በራሱ አይደለም። ለዚህም ከሐረር ከተማ የበለጠ ምስክር የለም።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ. ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሰጥተው፤ ሥራው በ1890 ዓ. ም. ከጂቡቲ በተጀመረ ጊዜ፤ የምሥራቁ ንግድ ዋና ከተማ ሐረር ነበረች። ባቡሩም ወደ ሐረር እንዲሄድ ታስቦ ነበር። ይሁን እንጂ ወደ ሐረር የሚያወጣው ተራራ ለሐዲድ ሥራ ብዙ ወጪ የሚያስወጣ ሆኖ ስለ ተገኘ፤ ሐዲዱ ከተራራው ግርጌ በሜዳው አለፈ። በ1895 ዓ. ም. ባቡሩ በደረሰበት ስፍራ ድሬዳዋ ተቈረቈረች። ከዚያ በኋላ የጅምላው ንግድ፤ መጋዘኑና የጉምሩኩ ሥራ ቀስ በቀስ ወደ አዲሲቱ ከተማ ወረደ። ሐረር በታሪኳ ከበረች እንጂ በጭነት አልከበረችም።

የደብረ ታቦርም አቀማመጥ ከዚህ የራቀ አይደለም። የፎገራ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ሲሆን፤ ደብረ ታቦር ከ40 ኪሎ ሜትር ጥቂት በሚበልጥ መንገድ ላይ ወደ 2,700 ሜትር ከፍ ትላለች። የጭነት ባቡር እንደ ካሚዮን ዳገት አይደፍርም። ብረት በብረት ላይ ስለሚሽከረከር፤ በአንድ ኪሎ ሜትር ከ20 እስከ 25 ሜትር በላይ ሽቅብ ሲሆንበት ጕልበቱ ይደክማል። ስለዚህ መሐንዲሱ ሐዲዱን በተራራው ወገብ እያዞረ ያስረዝመዋል፤ ወይም ከተማውን ትቶ ቀላሉን ሸለቆ ይመርጣል። ወረታ ደግሞ በሜዳው ላይ ሆና ደረቅ ወደብ የተሠራባት ከተማ ናት። የደብረ ታቦር ነጋዴ አስቀድሞ ካላሰበበት፤ ወረታ ድሬዳዋን፤ ደብረ ታቦርም ሐረርን ሆነው ሊገኙ ይችላሉ።

በ2009 ዓ. ም. የተመረቀው፤ በ2010 ዓ. ም. መደበኛ ሥራ የጀመረው አዲሱ የአዲስ አበባና የጂቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር ለመንገደኞች አሳብ ሰፊ ምንጭ ሆኗል። ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆነው ይህ መስመር ለገቢና ለወጪ ንግድ ትልቅ አገልግሎት እየሰጠ ነው። ከመንገደኞች ዘንድ ግን ደጋግመው የተሰሙ አሳቦች አሉ፤ እነርሱም ለደቡብ ጎንደር አስቀድመው የተጻፉ ምክሮች ያህል ናቸው።

አንደኛው የጣቢያው ስፍራ ነው። አሮጌው ባቡር በ1909 ዓ. ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ጣቢያው ለገሃር በከተማው እንብርት ላይ ነበር። የአዲሱ መስመር ጣቢያ ግን በከተማው ዳር በለቡ ነው፤ የድሬዳዋውም ከከተማው ወጣ ብሎ ተሠርቷል። መንገደኛው በባቡር ያተረፈውን ሰዓት በታክሲ ያጠፋዋል፤ የቲኬቱም ዋጋ ርካሽነት በታክሲ ኪራይ ይካካሳል።

ሁለተኛው አገናኝ አውቶቡስ ነው። ጣቢያው ከከተማ መራቁ ግድ ከሆነ፤ ባቡሩ ሲገባ የሚጠብቅ፤ ሲወጣም ቀድሞ መንገደኛውን የሚያደርስ አውቶቡስ ሊኖር ይገባል። ይህም ለደጋው ሕዝብ ከሁሉ ይበልጣል፤ ነፋስ መውጫና ጋሸና ያለው ነጋዴ ከጣቢያ ሲወርድ የሚቀረው መንገድ አጭር አይደለምና።

ሦስተኛው ቀንና ሰዓትን ማክበር ነው። በአገልግሎቱ የመጀመሪያ ዓመታት የመንገደኛው ባቡር በየሁለት ቀኑ ነበር የሚነሣው፤ በሐዲዱ ላይ የሚገቡ ከብቶችና የኤሌክትሪክ መቋረጥም ያዘገዩት ነበር። ነጋዴ ቀጠሮ አክባሪ ነው፤ የገበያ ቀን ካለፈ በኋላ የሚደርስ ባቡር ለእርሱ እንዳልመጣ ይቈጠራል።

አራተኛው የቲኬት ሽያጭ ነው። ቲኬት ለመቍረጥ ብቻ ሲባል ሩቅ ጣቢያ ድረስ መመላለስ የሰው ጊዜ ማባከን ነው። በከተማው መናኸሪያ፤ በባንክ ወይም በስልክ መሸጥ ይቻላል።

አምስተኛው የነጋዴው የራሱ አሳብ ነው። ለሙሉ ኮንቴይነር የማይበቃ፤ በእጅ ሻንጣ ግን የማይያዝ ጭነት ያለው ነጋዴ በደጋው ብዙ ነው። ዐሥር ኩንታል ድንች፤ አምስት ጣቃ ጨርቅ፤ ጥቂት ካርቶን መድኃኒት የሚያስጭን ሰው ከመንገደኛው ባቡር ጋር የሚቀጠል አንድ ፉርጎና በጣቢያው ጥላ ያለው መጋዘን ቢያገኝ፤ የባቡሩ እውነተኛ ደንበኛ ይሆናል።

እነዚህ አሳቦች ከንቱ ምኞት አለመሆናቸውን የሌሎች አገሮች ሥራ ያስረዳል። ኬንያ በ2009 ዓ. ም. የናይሮቢንና የሞምባሳን አዲስ ባቡር ስትከፍት፤ የናይሮቢ ጣቢያ ከከተማው ውጭ በመሆኑ መንገደኛው ተቸግሮ ነበር። መፍትሔውም ከመካከለኛው አሮጌ ጣቢያ በቀድሞው ሐዲድ የሚነሣ፤ ከትልቁ ባቡር ሰዓት ጋር የተገጠመ አገናኝ ባቡር ማቆም ሆነ። ተራራማዋ ስዊስም ከ1974 ዓ. ም. ጀምሮ ባቡሮቿ በየሰዓቱ በተወሰነች ደቂቃ እንዲነሡ አድርጋ፤ የተራራ መንደሮችን አውቶቡሶች ከዚሁ ሰዓት ጋር አስማማች። እዚያ ባቡር ያልወጣበት መንደር ብዙ ነው፤ የባቡር ጥቅም የቀረበት መንደር ግን ጥቂት ነው።

በእርግጥ አገር የሐዲድ ገንዘብ በቀላሉ አያገኝም። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ወልድያ አጠገብ ሐራ ገበያ የሚደርሰው 392 ኪሎ ሜትር መስመር ሥራው በ2007 ዓ. ም. ተጀምሮ፤ በገንዘብ፤ በኤሌክትሪክ ኃይልና በጦርነት ምክንያት ለብዙ ዓመታት ተጓትቷል። የወረታውም መስመር ከዚህ በኋላ የሚታሰብ እንጂ ነገ የሚጀመር አይደለም። ከባቡር የሚገኘው ገቢም በአብዛኛው ከጭነት ስለሚመጣ፤ የመንገደኛው ጉዳይ ይቆየን የሚሉ አሉ። ይሁን እንጂ ከላይ ከተጻፉት አሳቦች አብዛኞቹ ሚሊዮን ብር አይጠይቁም፤ የሚጠይቁት በወቅቱ መነገርን ነው። በወረቀት ላይ ያለ ጣቢያ በእርሳስ ይዛወራል፤ በድንጋይ የተሠራ ግን ሰው ነው ወደ እርሱ የሚዛወረው።

ስለዚህ የደብረ ታቦርና የአካባቢዋ ነጋዴዎች ከአሁኑ ሊያሰናዱት የሚችሉት ሥራ አለ። በየወሩ ስንት ኩንታል እንደሚያስወጡና እንደሚያስገቡ፤ ወደ የትኛው ከተማ በየትኛው ቀን እንደሚመላለሱ፤ ለአንድ ኩንታል ምን ያህል የመኪና ኪራይ እንደሚከፍሉ በጽሑፍ ይዘው በንግድ ምክር ቤታቸው በኩል ቢያቀርቡ፤ የመስመሩ ጥናት በሚነሣበት ጊዜ መሐንዲሱ ከተራራው ከፍታ ጋር የገበያውንም ክብደት ይመዝናል። ይኸው መዝገብ የሐራ ገበያው ባቡር ሥራ ሲጀምርም ከወልድያ ጣቢያ እስከ ደብረ ታቦር የሚሄደው አውቶቡስና ካሚዮን በስንት ሰዓት መነሣት እንዳለበት ያመለክታል። ሐረር ይህን ለማድረግ ጊዜ አላገኘችም፤ ደብረ ታቦር ግን ጊዜው በእጇ ነው።