ስለ እንቅልፍ ማጣትና ስለ አጭሩ ሕክምናው

ኀዘን የደረሰበት፣ ዕዳ ያስጨነቀው ወይም ልጁ የታመመበት ሰው ዐይኑን ሳይከድን ቢያነጋ የሚያስደንቅ አይደለም፤ ምክንያቱ ሲርቅ እንቅልፉም ይመለሳልና። አባቶች ትጋሃ ሌሊት ብለው በጸሎት የሚያሳልፉትም ሌሊት በፈቃድ የተመረጠ ስለ ሆነ ከሕማም አይቈጠርም። ሐኪሞች ሥር የሰደደ እንቅልፍ ማጣት የሚሉት ግን ለመተኛት በቂ ጊዜና ምቹ ስፍራ ሳይጐድል፣ በሳምንት ቢያንስ 3 ሌሊት እየደረሰ ለ3 ወርና ከዚያም በላይ የሚቈየውን፣ ቀኑንም በድካምና በብስጭት የሚያበላሸውን ነው።

የዚህን ሕማም ጠባይ አጥርተው ካስረዱት ሊቃውንት አንዱ አሜሪካዊው አርተር ስፒልማን ናቸው። እሳቸው እ.ኤ.አ. በ1987 ከባልደረቦቻቸው ጋር ባሳተሙት ትምህርት እንደሚሉት፣ አንዳንዱ ሰው በተፈጥሮው እንቅልፉ በቀላሉ የሚታወክ ነው፤ በዚህ ላይ መከራ ሲጨመርበት እንቅልፉ ይሸሻል፤ ከዚያ በኋላ ግን ሕማሙን አጽንቶ የሚያኖረው ያ የመጀመሪያው መከራ ሳይሆን፣ ሰውዬው የጐደለውን እንቅልፍ ለማካካስ ብሎ የሚያደርገው ነገር ነው፤ ይኸውም በጊዜ መተኛቱ፣ አርፍዶ መነሣቱ፣ ቀን ማሸለቡና ሌሊቱን ሰዓት እያየ መገላበጡ ነው። ይህን ትምህርት እጅግ አከብረዋለሁ፤ በሽተኛውን ሳይወቅስ የፈውሱ በር ከእጁ እንዳልራቀ ያሳየዋልና።

ከዚህ ዐይነቱ ትምህርት ጋር የሚስማማው የአስተሳሰብና የጠባይ ሕክምና ክኒን የለውም፤ ጥቂት ሳምንታት የሚጠበቅ ሥርዓት ነው። አንደኛው ክፍል ሪቻርድ ቡትዚን እ.ኤ.አ. በ1972 ያቀረቡት ሲሆን፣ በአልጋና በእንቅልፍ መካከል የተበላሸውን ወዳጅነት ለማደስ የታሰበ ነው፦ ሰው እንቅልፍ ሳይጫነው ወደ አልጋ አይሄድም፤ ተኝቶ እንቅልፍ እንቢ ካለው ተነሥቶ ወደ ሌላ ክፍል ይሄዳል፣ አንድ ክፍል ብቻ ባለው ቤትም ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ እንቅልፉ ሲመጣ ብቻ ይመለሳል፤ ሌሊቱም እንዴት ቢያልፍ ጠዋት ዘወትር ከተወሰነው የመነሻ ሰዓት አያሳልፍም።

ሁለተኛው ክፍል የስፒልማን ነው፤ ሲሰሙት ከሕክምና ይልቅ ቅጣት ይመስላል፤ ኀይሉ ያለው ግን በእሱ ነው። ቀኑን ሙሉ ሲቀማምስ የዋለ ሰው ማታ ገበታ ቢቀርብለት ምግቡ እንደማይጥመው፣ አልጋ ላይ ብዙ ሰዓት የሚቈይ ሰውም የእንቅልፍ ረኀቡ ተበታትኖ ይቀራል። ስለዚህ ሕመምተኛው በመጀመሪያ መቼ እንደ ተኛ፣ መቼ እንደ ነቃ በየጠዋቱ እንዲጽፍ ይደረጋል። ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት፣ ማለት 9 ሰዓት ሙሉ አልጋ ላይ ሆኖ የሚያንቀላፋው 6 ሰዓት ብቻ ቢሆን፣ በአልጋ ካሳለፈው ጊዜ የተኛው ከመቶ 67 ያህል ብቻ ነውና፣ ከእንግዲህ አልጋው የሚፈቀድለት ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ይሆናል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይከብዳሉ፤ ነገር ግን እንቅልፉ እየተሰበሰበ ከመቶ 85 ሲደርስ፣ 15 ደቂቃ እየተጨመረለት ወደሚበቃው መጠን ይመለሳል። ከዚህ ጋር «ዛሬ ካልተኛሁ ነገ አለቀልኝ» የሚለው ሌሊት የሚያድግ ዐሳብ እየተመረመረ ይታረማል። ማታ ቡና መተው መልካም ምክር ነው፤ ሥር የሰደደውን ሕማም ግን ብቻውን አይፈውስም።

የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2016 ይህ ሕክምና ለአዋቂዎች ከክኒን አስቀድሞ እንዲሰጥ መከረ። ችግሩ አስተማሪው ጥቂት፣ ሕመምተኛው እልፍ መሆኑ ነው። ፒተር ሄምስ የተባሉ እንግሊዛዊ፣ እንቅልፍ ባጡ ጊዜ የስኮትላንዱን ሊቅ የኮሊን ኤስፒን መጽሐፍ አንብበው ስለዳኑ፣ ደራሲውን ፈልገው ከእሳቸው ጋር ስሊፒዮ የተባለውን የኢንተርኔት ሕክምና መሠረቱ፤ ትምህርቱ በ6 ክፍል ተከፍሎ በሥዕል በተሠራ መምህር ይሰጣል፤ የየሌሊቱንም መዝገብ ኮምፒዩተሩ እያሰላ የመኝታውን ሰዓት ይወስናል።

እ.ኤ.አ. በ2012 ስሊፒዮ በ164 ሰዎች ላይ የተፈተነበት ጥናት የታተመ ሲሆን፣ ሕክምናውን ካገኙት ከመቶ 76ቱ በአልጋ ካሳለፉት ጊዜ ከመቶ 80 በላይ በእንቅልፍ ለማሳለፍ ሲበቁ፣ የማስመሰያ ሕክምና ከተሰጣቸው ግን 29፣ በተለመደው አያያዝ ከቈዩት ደግሞ 18 ብቻ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2022 ናይስ የተባለው የእንግሊዝ የጤና ተቋም፣ ሐኪሞች ለዚህ ሕማም የእንቅልፍ ክኒን በማዘዝ ፈንታ ስሊፒዮን እንዲያቀርቡ መከረ።

እኔ በዚህ የምደሰተው ማሽን ሰውን ተካ ብዬ አይደለም፤ በጥቂት ሊቃውንት ክፍል ታጥሮ የነበረው ሥርዓት እስከ ሕመምተኛው ቤት መድረሱ ነው እንጂ። ሆኖም ማሽን «ለምን ቀረህ?» ብሎ አይገሥጽምና፣ ብዙዎች ልክ ድካሙ በሚበረታበት ጊዜ ጥለውት ይሄዳሉ። በዚያን ጊዜ የሰው ድምፅ፣ በስልክ እንኳ ቢሆን፣ ታላቅ ረዳት ነው።

ሥርዓቱን ሁሉም ሰው ያለ ሐኪም አይጀምር። የሚጥል በሽታ ያለበት ወይም ስሜቱ ከታላቅ ፍሥሓ ወደ ታላቅ ኀዘን የሚገለበጥበት ሰው፣ የመኝታን ሰዓት ማሳጠር ሕማሙን ሊቀሰቅስበት ይችላል። ነፍሰ ጡርም፣ በእንቅልፉ ላይ እያንኰራፋ ትንፋሹ የሚቋረጥበትም ሰው አስቀድመው ይመርመሩ፤ መኪና የሚነዳ ሰው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንቅልፍ እየተጫነው መሪ አይጨብጥ። የእንቅልፍ ክኒን ለረጅም ጊዜ ሲወስድ የኖረም በድንገት አይተወው፤ መጠኑን ከሐኪሙ ጋር እየተመካከረ ቀስ በቀስ ይቀንሰው።