ሞተር ብስክሌትና ቡና በአንድ ጣራ ሥር

ሞተር ብስክሌት የሚገዛ ሰው ወደ መደብሩ የሚመጣው በስንት ዓመት አንድ ጊዜ ነው? ባለቤቱ በአግባቡ ከያዘው፥ አንዱን ገዝቶ ሌላውን እስኪፈልግ ድረስ አምስትና ስድስት ዓመት ሊያልፍ ይችላል። ቡና የሚጠጣ ሰው ግን ዛሬ ጠጥቶ ነገም ይመጣል። በአውሮፓ፥ በአሜሪካና በአውስትራልያ አንዳንድ የሞተር ብስክሌት ነጋዴዎች በመሸጫ አዳራሻቸው ውስጥ ካፌ የሚከፍቱበት ምክንያት በአጭሩ ሲነገር ይኸው ነው።

ነገሩ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። አንድ የቡና ማፍያ መኪና፥ ጥቂት ጠረጴዛና ወንበር፥ ሁለት አስተናጋጆች፤ ሌላ ምን ያስፈልጋል? ሆኖም ብረት ሲሸጥ የኖረ ሰው ምግብና መጠጥ መሸጥ ሲጀምር፥ የማያውቀው ሙያ ውስጥ መግባቱን ብዙ ጊዜ አያስተውለውም። ችግሩም የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ካፌና ሞተር ብስክሌት የተወዳጁት ዛሬ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1938 ዓ.ም. በሎንዶን ከተማ፥ ኖርዝ ሰርኩላር በሚባለው አውራ ጎዳና ዳር፥ «ኤስ ካፌ» የተባለ ቤት ተከፈተ። የታሰበው ለካሚዮን ነጂዎች ነበር፤ ነገር ግን ሌሊትም ስለማይዘጋ ሞተረኞች ያዘወትሩት ጀመር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአውሮፕላን ቦምብ ተመትቶ ፈረሰና በ1949 እንደገና ተሠራ። ከዚያም በኋላ በነበሩት ሃያ ዓመታት፥ ደመወዝ ማግኘት የጀመሩ የእንግሊዝ ወጣቶች ሞተር ብስክሌት እየገዙ ማታ ማታ እዚያ ይሰበሰቡ ነበር። ሳንቲም ሲጎርስ ሸክላ የሚያጫውት መኪናም ነበረው። ዘፈኑ ሲጀምር ተነሥቶ፥ እስከ ተወሰነ ቦታ በሮ፥ ሸክላው ሳያልቅ መመለስ ከወጣቶቹ አንዳንዶቹ የሚመኩበት ውድድር እንደ ነበር ይነገራል። በሰዓት 100 ማይል፥ ማለት 160 ኪሎ ሜትር፥ መድረስ ትልቅ ክብር ነበር። «ካፌ ሬሰር» የሚባለው፥ መሪው ዝቅ ያለው የሞተር ዓይነት ስሙን ያገኘው ከእንዲህ ያሉ ቤቶች ነው። እንዲህ ያለው ሽቅድምድም የሰው ሕይወት ሳያስከፍል አልቀረም።

የመንገዱ ሁኔታ ሲለወጥና ርካሽ አውቶሞቢል ሲበዛ ኤስ ካፌ በ1969 ተዘጋ። ቤቱም ጎማ የሚቀየርበት ሥፍራ ሆነ። በ1994 የጥንት ወዳጆቹ ተሰብስበው በዓል አደረጉለት፤ በ2001 ደግሞ ሙሉ በሙሉ ተከፈተ። 32 ዓመት ያለፈበትን ቤት ሰው ያልረሳው፥ ተገናኝቶ የሚጨዋወትበት ቦታ ስለ ነበረ ነው።

በኤስ ካፌ ሞተሩ ወደ ቡናው ሄደ። በኋላ ግን ቡናው ወደ ሞተሩ መጣ። በ2006 ዴር ጄኒንግስ የተባለ ነጋዴ ከባልደረቦቹ ጋር በአውስትራልያ፥ በሲድኒ ከተማ «ዴውስ ኤክስ ማኪና» የተባለ መደብር ከፈተ፤ በእጅ የተሠሩ ሞተር ብስክሌቶች፥ ልብስና ካፌ ጎን ለጎን የሚገኙበት ቤት ነው። በ2017 ደግሞ የእንግሊዙ ትራያምፍ ኩባንያ በሂንክሊ በሚገኘው ፋብሪካው የጎብኝዎች አዳራሽ ሲከፍት ካፌውን «1902» ብሎ ሰየመው፤ ይኸውም የመጀመሪያው የትራያምፍ ሞተር ብስክሌት የተሠራበት ዓመት ነው።

እንግዲህ በእንዲህ ያለ ቤት ቡና የሚጠጣው ማነው? አንደኛው ሞተሩን ለጥገና ያመጣ ሰው ነው። አዲስ ሞተር ብስክሌት አብዛኛውን ጊዜ 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሄድ የመጀመሪያውን ምርመራ ይፈልጋል። ባለቤቱ ዘይቱ እስኪለወጥ ድረስ መቆም ወይም መቀመጥ አለበት። በቆመ ጊዜ ሰዓቱን እያየ መካኒኩን ይነዘንዛል፤ ስኒ ይዞ በተቀመጠ ጊዜ ግን አዲሱን ሞዴል በዓይኑ ይመዝናል። ሁለተኛው ገዢውን ተከትሎ የመጣ እናት፥ ሚስት ወይም ጓደኛ ነው። ይህ ሰው ሞተር አይወድ ይሆናል፤ ነገር ግን ለመግዛት ወይም ለመተው ምክር የሚሰጠው እርሱ ነው። ሦስተኛው ሞተር የሌለው ጎረቤት ነው።

ካፌውን በእውነት የሚያኖረው ይህ ሦስተኛው ነው። ክረምቱ በረዶ በሆነባቸው አገሮች ሞተረኛው ሞተሩን ሸፍኖ ያኖራል፤ ገበያውም ይቀዘቅዛል። ጎረቤቱ ግን በበረዶም ቢሆን ቡናውን ይፈልጋል። ስለዚህ ካፌው የሞተረኞች ማኅበር ብቻ መስሎ የራስ ቁር ያልያዘውን ሰው ካስፈራ፥ በዝናብ ቀን ወንበሩ ባዶውን ይውላል። ጎረቤቱም የሚመጣው ለሞተሩ ፍቅር ሲል ስላልሆነ፥ ቡናው መጥፎ ከሆነ ወደ ሌላ ቤት ይሻገራል።

ሁለተኛው ጉዳይ ሒሳብ ነው። ሻጮች ገዢን ለማስደሰት «አንድ ቡና አምጡለት» ማለት ይወዳሉ። ለምሳሌ ያህል በቀን 20 ስኒ በነጻ ቢታደል፥ በወር ውስጥ በ26 የሥራ ቀን 520 ስኒ ይሆናል። ቡናው፥ ወተቱ፥ ስኳሩና የአስተናጋጁ ደመወዝ ከየት ይከፈላል? ካፌው የራሱ መዝገብ ከሌለው ኪሳራው በሞተሩ ትርፍ ውስጥ ተደብቆ ይቆያል፤ ሞተሩ ያልተሸጠ ዕለት ግን ይገለጣል። ብልኅ ባለቤት የሽያጩ ክፍል ለእያንዳንዱ የግብዣ ስኒ ለካፌው እንዲከፍል ያደርጋል። ኪሱ አንድ ቢሆንም መዝገቡ ሁለት ይሁን።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የሰው ደኅንነት ነው። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ በወለሉ ላይ ተስቦ ሩቅ ካለ እሳት ጋር ሊገናኝ ይችላል። ስለዚህ ጥገናው ቤትና ምድጃው በግድግዳ መለየት አለባቸው። ከሞተር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ጋዝ ደግሞ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በተዘጋ ቤት ሰው ይገድላል። ድምፁን ለማሰማት ብሎ በአዳራሹ ውስጥ ሞተር የሚያስነሣ ሻጭ እንግዶቹን በአደጋ ላይ ይጥላል። በዚህም ላይ የሚጠጣው ሰው ሞተሩን ይዞ ወደ መንገድ የሚወጣ ነውና፥ በእንዲህ ያለ ቤት ከቡናና ከሻይ የጠነከረ መጠጥ ባይሸጥ ይሻላል።

አባቶቻችን «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይላሉ። ምክሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሁለቱም ባላ በየራሱ ጉድጓድ ሲተከል ነው። አንዱ በሌላው ላይ ከተደገፈ፥ ሲወድቁ አብረው ይወድቃሉ። ይህም ለሞተር ነጋዴ ብቻ የተነገረ አይደለም፤ ከደመወዙ ቆጥቦ ከጓደኛው ጋር አነስተኛ ንግድ ለመጀመር የሚያስብ ወጣት ሁሉ ሊያስበው ይገባል።

እንግዳን በስኒ አስቀምጦ ማቆየት ለእኛ አገር አዲስ ጥበብ አይደለም። አቦል፥ ቶና፥ በረካ እያለች እንግዳዋን እስከ ሦስተኛው ድረስ የምታቆይ እናት ምስጢሩን ታውቀዋለች፤ እንግዳው የሚቀመጠው ጨዋታው ካማረና ቡናው ከጣመ ነው።