ከመም ወደ ሰዓት መያዣ፦ ቶሎሳ ቆቱና የእንጦጦ ረዳት አሰልጣኞች

ከአዲስ አበባ በስተሰሜን፣ በጉለሌ አናት ላይ የተንጣለለው የእንጦጦ ተራራ ከፍተኛ ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ መሀል ከተማ ካለው የአዲስ አበባ ስታዲየም በ800 ሜትር ያህል ይበልጣል። ዳግማዊ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ ፍልውሃ ከማውረዳቸው በፊት የተቀመጡበት፣ የእንጦጦ ማርያምና የእንጦጦ ራጉኤል አብያተ ክርስቲያናት የታነጹበት ይህ ተራራ፣ በ19ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ ወደ አገር የገባው ባሕር ዛፍ ከሸፈነው ወዲህ ለከተማይቱ የማገዶ ምንጭ፣ ቆየት ብሎም ለረጅም ርቀት ሯጮች ዋነኛ የልምምድ ስፍራ ሆኗል። በዚህ ጫካ ስለ ሮጡት ጀግኖች ብዙ ተጽፏል፤ ከዛፎቹ መካከል ቆሞ ሰዓት ስለሚይዘው፣ አብዛኛውን ጊዜም ራሱ የቀድሞ ሯጭ ስለሆነው ረዳት አሰልጣኝ የተጻፈው ግን ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

ረዳት አሰልጣኝ ማለት፣ በአትሌቲክስም ሆነ በእግር ኳስ፣ ዋናው አሰልጣኝ ያወጣውን ዕቅድ በየዕለቱ ከእያንዳንዱ ስፖርተኛ አቅም ጋር እያገናዘበ በሥራ ላይ የሚያውል ባለሙያ ነው። ዋናው አሰልጣኝ ቡድን ይመርጣል፣ ከፌዴሬሽኑ ጋር ይነጋገራል፣ ሲሸነፍም ይወቀሳል፤ ረዳቱ ግን የማን ጉልበት እንደዛለ፣ ማን ሕመሙን እንደሚደብቅ፣ ማን ከታዘዘው ፍጥነት በላይ እየሮጠ ነገን ዛሬ እንደሚበላ ማወቅ ይጠበቅበታል። ይህ ዕውቀት በመማሪያ ክፍል ብቻ የሚገኝ ስላልሆነ፣ ሥራው ከጥንት ጀምሮ በሜዳ ወይም በመም ላይ ላለፉ ሰዎች ሲሰጥ ኖሯል።

በኢትዮጵያ እግር ኳስ መንገዱ ቀድሞ የተጠረገ ነበር። የቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫዋች የነበሩት ይድነቃቸው ተሰማ በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣውን ብሔራዊ ቡድን ያሠለጠኑ ሲሆን፣ በዚያው ቡድን በአጥቂነት የተሰለፈው መንግሥቱ ወርቁ ሃያ ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1982 ሊቢያ ባስተናገደችው የአፍሪካ ዋንጫ የብሔራዊ ቡድኑ አሰልጣኝ ሆኗል። የቡድኑ አምበል፣ የአስመራው ተወላጅ ሉቻኖ ቫሳሎ፣ የመሀል ሜዳ ተጫዋች ነበር። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በተደረገው የፍጻሜ ግጥሚያ ኢትዮጵያ 2 ለ 1 እየተመራች ሳለ፣ መደበኛው ጊዜ ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት አቻ የምታደርገውን ግብ ያስቆጠረው እርሱ ሲሆን፣ በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ አክለው ውጤቱ 4 ለ 2 ተፈጸመ። ሉቻኖ በኋላ ጣሊያን ሄዶ የአሰልጣኝነት ትምህርት ተማረ፤ ይሁንና በደርግ ዘመን አገሩን ጥሎ ለመሰደድ ተገደደ፤ መስከረም 6 ቀን 2015 ዓ.ም. እዚያው ጣሊያን አረፈ። የመሀል ተጫዋች ኳስ ከተከላካይ ተቀብሎ ለአጥቂ የሚያደርስ፣ የጨዋታውን ፍጥነት የሚወስንና አብዛኛው ሥራው በውጤት መግለጫ ላይ የማይጻፍለት ሰው በመሆኑ፣ ወደ አሰልጣኝነት ሲሻገር የሚለወጠው ነገር ከሌሎቹ ያነሰ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

በሩጫ ውስጥ ለዚህ ቦታ የሚቀርብ ምሳሌ ቢፈለግ፣ ቶሎሳ ቆቱን የሚያህል ማግኘት ያስቸግራል። ሐምሌ 20 ቀን 1972 ዓ.ም. በሞስኮ ኦሊምፒክ የ10,000 ሜትር ፍጻሜ ኢትዮጵያ ሦስት ሯጮች አሰልፋ ነበር፤ እነርሱም ምሩጽ ይፍጠር፣ መሐመድ ከድርና ቶሎሳ ቆቱ ናቸው። ከፊታቸው የቆመው ፈተና ቀላል አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. በ1972 እና በ1976 ርቀቱን በተከታታይ ያሸነፈው ፊንላንዳዊው ላሴ ቪረን እና የአገሩ ልጅ ካርሎ ማኒንካ በውድድሩ ውስጥ ነበሩ። ሦስቱ ኢትዮጵያውያን የመረጡት ስልት ፍጥነቱን አንድ ወጥ ባለማድረግ፣ ማለትም በየተራ ወደ ፊት እየወጡ ድንገት በማፍጠንና መልሶ በማብረድ፣ የተቀናቃኞቻቸውን የአሯሯጥ ሥርዓት ማወክ ነበር። ይህ ዘዴ ለብቻ ለሚሮጥ ሰው ራስን መጉዳት ነው፤ አፍጥኖ የወጣው ሰው በሚከተለው ዙር ዋጋውን ይከፍላል። በሦስት ሰዎች ሲከፋፈል ግን ድካሙ ይቃለላል፤ በተለይም በመጨረሻው ዙር ለሚፈተለከው ሰው ጉልበት ይቆጥባል።

ውድድሩ ወደ ማብቂያው ሲቃረብ ከፊት የቀሩት አምስቱ ብቻ፣ ሦስት ኢትዮጵያውያንና ሁለት ፊንላንዳውያን ነበሩ። 300 ሜትር ያህል ሲቀር «ማርሽ ቀያሪው» የተባለው ምሩጽ እንደ ስሙ ማርሽ ቀየረና በ27 ደቂቃ ከ42.7 ሰከንድ ገብቶ የወርቅ ሜዳሊያውን ወሰደ። ማኒንካ ሁለተኛ፣ መሐመድ ከድር ሦስተኛ ሲሆኑ፣ ቶሎሳ ቆቱ በ27 ደቂቃ ከ46.5 ሰከንድ አራተኛ ወጥቶ ቪረንን አምስተኛ አደረገው። ከወርቁ የለየው ጊዜ አራት ሰከንድ አይሞላም፤ ከነሐሱ የለየው ደግሞ ሁለት ሰከንድ አይሞላም። የኦሊምፒክ ሰገነት ሦስት ደረጃ ብቻ ስላለው የዚያን ቀን ፎቶግራፎች ስለ እርሱ ብዙም አይናገሩም፤ ሆኖም የምሩጽን ድል ያለ አራተኛው ሰው ማስረዳት አይቻልም።

የዚያን ጊዜውን ቡድን ያሠለጠኑት፣ ራሳቸው በወጣትነታቸው የአጭር ርቀት ሯጭ የነበሩት ንጉሤ ሮባ ናቸው። ከእርሳቸው በኋላ ብሔራዊ ቡድኑን ለረጅም ዓመታት የመሩት፣ በሀንጋሪ የተማሩትና በጥብቅ ሥርዓታቸው የሚታወቁት ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬ ሲሆኑ፣ አሰልጣኝ ቶሎሳ ቆቱም በእርሳቸው ሥር በረዳትነት ሠርተዋል። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ1988 ዓ.ም. አትላንታ ላይና በ1993 ዓ.ም. መባቻ ሲድኒ ላይ ያገኟቸው ወርቆች የዶክተር ወልደመስቀል ዘመን ፍሬዎች ናቸው። እኒህ አሰልጣኝ ግንቦት 8 ቀን 2008 ዓ.ም. ሲያርፉ የአገሪቱ መገናኛ ብዙኃን ስማቸውን በክብር አነሡ፤ ረዳቶቻቸው ግን ያን ጊዜም ቢሆን በቅንፍ ውስጥ እንኳ ሲጠቀሱ የታየው በጥቂቱ ነው።

የረዳት አሰልጣኝ ሥራ በእንጦጦ ለምን የተለየ ክብደት እንዳለው ለመረዳት የተራራውን አየር ማወቅ ያስፈልጋል። በከፍታ ቦታ በአየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ እንደ ማንኛውም ስፍራ 21 በመቶ ያህል ቢሆንም፣ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ፣ በ3,000 ሜትር ላይ ሳንባ በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ከሚያገኘው 70 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ሰውነት ይህን ጉድለት ለማካካስ ኩላሊት የሚያመነጨውን ኤሪትሮፖይቲን የተባለ ሆርሞን ይጨምራል፤ ሆርሞኑም የአጥንት መቅኔ ብዙ ቀይ የደም ሕዋሳት እንዲሠራ ያዛል፤ በውጤቱም ደሙ ኦክስጅን የመሸከም አቅሙ ያድጋል። በሌላ በኩል ግን እዚያው ከፍታ ላይ በሙሉ ፍጥነት መለማመድ አይቻልም፤ ሳንባ ከእግር ቀድሞ ይሸነፋልና። ስለዚህ ቡድኑ ለጽናት ወደ እንጦጦ ይወጣል፣ ለፍጥነት ወደ ስታዲየሙ መም ወይም ወደ አቃቂ ይወርዳል፣ ለሌላው ልምምድ ሱሉልታና ሰንዳፋ ይሄዳል።

በጫካው ውስጥ የሚደረገው ሩጫ ለማያውቀው ተመልካች ግራ ያጋባል። ሯጮቹ በተጠረገ መንገድ አይሄዱም፤ አንድ መሪ ከፊት ሆኖ በባሕር ዛፎቹ መካከል ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየታጠፈ፣ ሌሎቹ ኮቴውን ተከትለው በአንድ ረድፍ ይጓዛሉ። ሥሩና ጉቶው፣ የረገፈው ቅጠልና የዳገቱ ሸርተቴ እግርን በእያንዳንዱ እርምጃ ያስተካክላሉ፤ የቁርጭምጭሚት ጡንቻ የሚጠነክረውም፣ ከአስፋልት ከሚመጣ ጉዳት የሚድነውም በዚህ ነው። ከላይ የማገዶ ሸክም አዝለው የሚወርዱ ሴቶች በዚያው መንገድ ያልፋሉ፤ የተራራውን አቀበት ከማንም በላይ የሚያውቁት ምናልባት እነርሱ ሳይሆኑ አይቀሩም። ረዳት አሰልጣኙ እንደ ስታዲየሙ በየ400 ሜትሩ ሰዓት ማንበብ ስለማይችል፣ ረድፉ በአጠገቡ ሲያልፍ የሚያዳምጠው ትንፋሽ፣ የሚያየው የትከሻና የእጅ አያያዝ ነው። ቀላል በተባለ ልምምድ ቀን መነጋገር ያቃተው ሯጭ ካለ ቀኑ ለእርሱ ቀላል አልሆነም ማለት ነው፤ የነገው የፍጥነት ልምምድም ይቀነስለታል። ይህን በአንድ እይታ መለየት የሚችለው፣ ትንፋሹ እያጠረው ደህና መስሎ ለመታየት ራሱ የሞከረ ሰው ነው።

በረድፉ ውስጥ መሪነቱ በየተራ መዞሩ ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምራል። ነሐሴ 14 ቀን 1996 ዓ.ም. በአቴንስ ኦሊምፒክ የ10,000 ሜትር ፍጻሜ፣ ቀነኒሳ በቀለና ስለሺ ስኅን ከፊት እየመሩ ሳለ፣ በጉዳት ምክንያት ወደ ኋላ የቀረውን ኃይሌን ለመጠበቅ እየዞሩ ሲያዩና ፍጥነታቸውን ሲቀንሱ ዓለም ተመልክቷል። ኃይሌ አምስተኛ ሆኖ ጨረሰ፤ እነርሱ ወርቅና ብር ወሰዱ። ያ ድርጊት ከሩጫ ስሌት አንጻር አደገኛ ነበር ብሎ መከራከር ይቻላል፤ በሞስኮ ሦስት ሰዎች እንደ አንድ ከሮጡበት ልማድ ጋር ያለውን ዝምድና መካድ ግን አይቻልም።

ዛሬ ሁኔታው ተለውጧል። አትሌቶች በክለብ፣ በግል አሰልጣኝና በውጭ አገር ወኪል ሥር ስለሚለማመዱ፣ ብሔራዊ ቡድን ሲጠራ «አትሌቱን ማን አሠለጠነው?» የሚለው ጥያቄ ከታላላቅ ውድድሮች በፊት ክርክር ያስነሣል። በነሐሴ 2016 ዓ.ም. በፓሪስ ኦሊምፒክ፣ በተጠባባቂነት ተይዞ ሳለ በተጎዳው ሲሳይ ለማ ምትክ ገብቶ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ያሸነፈው ታምራት ቶላ፣ የገመዱ ደደፎ ሠልጣኝ ነው። ዋና አሰልጣኞች ቢያንስ በዚህ መልክ ስማቸው ይነሣል። የረዳቶቹ ሥራ ግን በየማስታወሻ ደብተራቸው፣ ማን በየትኛው ቀን በየትኛው ዳገት ምን ያህል እንደሮጠ በተጻፈባቸው ገጾች ውስጥ እንደተዘጋ ነው። የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽንና የአገሪቱ የስፖርት ትምህርት ክፍሎች እነዚህን ደብተሮች ባለቤቶቻቸው በሕይወት ሳሉ ቢሰበስቡ፣ ከየሜዳሊያው መዝገብ ጎንም የረዳት አሰልጣኙን ስም ቢያሰፍሩ፣ የእንጦጦ ዕውቀት በቃል ብቻ ሲተላለፍ ከመባከን ይድናል።