ቤተሰቡ አንድ፣ አፑ አራት፦ ለምን አይገናኙም?

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ስልካችን ነው።

ባለፈው ሰሞን በትምህርት ቤት ጉዳይ ከአሊ አዴ ካምፕ ጅቡቲ ከተማ ገብቼ ባልባላ ዘመድ ጋ ሰነበትኩ። ደሴ ያለችው እህቴ እናታችን መታመሟን በአንድ አፕ ጽፋልኛለች። እኔ ደግሞ ስልኬ ሲሞላብኝ ያንን አፕ አጥፍቼዋለሁ። በሦስተኛው ቀን ሳውዲ ያለው ወንድማችን በሌላ አፕ "አንተ፣ እማዬ ሆስፒታል ገብታ ዝም ትላለህ?" አለኝ። ተመስገን፣ አሁን ድናለች። ያን ሌሊት ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ተማሪዎቼም "ቲቸር፣ ከዋትስአፕ ወደ ቴሌግራም ለምን አይላክም?" ይሉኛል። እስቲ አብረን እንየው። ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ተራው ቴክስት ድንበር ያልፋል፤ ከጅቡቲ ቴሌኮም ሲም ወደ ኢትዮ ቴሌኮም ሲም ይሄዳል። የመጀመሪያው ቴክስት በ1992 እንግሊዝ አገር ተላከ። የስልክ ድርጅቶች በጋራ ደንብ ስለሚሠሩ የአንዱን መልእክት ሌላው ተቀብሎ ያደርሳል። ልክ እንደ ፖስታ ነው፤ ቴምብሩ የጅቡቲ ቢሆንም የሚያደርሰው የኢትዮጵያ ፖስታ ነው።

አፖቹ ግን ሁሉም የተስማሙበት ደንብ የላቸውም። አንዱ ምክንያት ገንዘብ ነው። በ2014 ፌስቡክ ዋትስአፕን በ19 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ለመግዛት ተስማማ፤ በዚያው ዓመት የጃፓኑ ራኩተን ቫይበርን በ900 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። ይህ ሁሉ ገንዘብ የወጣው ለፕሮግራሙ ብቻ አይደለም፤ በውስጡ ላለው ሕዝብ ነው። እናታችሁ ያለችበትን አፕ ጥላችሁ አትሄዱም አይደል? በሩ ከተከፈተ ግን የትም ሆናችሁ ታገኟታላችሁ፤ ያኔ ኩባንያው የሚይዛችሁ ገመድ ይላላል።

ሁለተኛው ምስጢር ነው። በዋትስአፕ የምንጽፈው ከ2016 ጀምሮ ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም እንዳያነበው ተቆልፎ ነው የሚሄደው። ቴሌግራም ላይ እንዲህ የሚቆለፈው "ሚስጥራዊ ቻት" የሚባለው ነው እንጂ ተራው ቻት አይደለም። ሁለቱን ለማገናኘት ወይ አንድ ዓይነት ቁልፍ ያስፈልጋል፣ ወይ መሀል ላይ ሆኖ የሚከፍት ሰው። ለእንደኛ ዓይነቱ ስደተኛ ደግሞ ማን እንደሚያነበው ቀላል ነገር አይደለም።

አንድ ባለቤት ስላላቸውም ብቻ አይሳካም። ፌስቡክ በ2019 ሜሴንጀርን፣ ኢንስታግራምንና ዋትስአፕን አገናኛለሁ ብሎ ነበር። በ2020 ሜሴንጀርንና ኢንስታግራምን አገናኘ፤ በ2023 መጨረሻ መልሶ ለያያቸው።

የአውሮፓ ኅብረት በሕግ እያስገደደ ነው። ከመጋቢት 2024 ጀምሮ ዋትስአፕና ሜሴንጀር ሌላ አፕ "አገናኙኝ" ብሎ ከጠየቀ በር እንዲከፍቱ ታዘዋል። ሕጉ ግን የሚሠራው እዚያው አውሮፓ ነው።

ሁሉም አንድ ቢሆንስ? እሱም ጣጣ አለው። በየካቲት 2023 ኢትዮጵያ ውስጥ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተዘግተው ለወራት ቆይተዋል። አንድ በር ብቻ ያለው ቤት ሲዘጋ መውጫ የለውም።

ስለዚህ ኩባንያዎቹ እስኪስማሙ እኛ እንስማማ፦

ከቤተሰብ ጋር አንድ ዋና አፕና አንድ መጠባበቂያ ምረጡ።

ሕመምና ሞትን የመሰለ አስቸኳይ ነገር በአፕ ብቻ አይላክ፤ ይደወል፣ ወይም ቴክስት ይደረግ።

ሲም ስትቀይሩ አሮጌውን ከመጣላችሁ በፊት ዋትስአፕ ውስጥ ገብታችሁ ቁጥሩን ቀይሩ።

ቁጥሮችን ደብተር ላይ ጻፉ። ስልክ ይሰበራል፣ ይሰረቃል፤ ደብተር ቻርጅ አይፈልግም።

እኔና እህቴ አሁን ተስማምተናል፦ ሁለት ጊዜ ደውላ ከዘጋች፣ ያለሁበትን ሥራ ትቼ እደውላለሁ።